የካፒቴኑ ጣት

— ሄሎ!… አቤት!… ማን ልበል?… ጮክ በል እንጂ፣ ጉድጓድ ውስጥ ሆነህ ነው እንዴ የምታወራው?… እህ! አንተ ነህ! በል እንደምን ዋልክ?… እኛማ ምን እንሆናለን፤ ይሄ ጉልበቴ ነው እንጂ እምቢ ያለኝ፣ የቀረው አካላቴ እንደ ድሮው ነው… አሜን፣ አሜን… እሷም ደህና ናት። ይኸው አጠገቤ ቁጭ ብላ ሹራቧን ትሠራለች።

ሚስታቸው ሹራብ አትሠራም ነበር። ጭኗ ላይ የተቆለለው ለዘንድሮው ሽልማት የታጩት የሳይንስ ልብ ወለዶች ረቂቅ ነው፤ ስልኩ ሲጮህ ንባቧን ያቆመችበትን መስመር አሁንም በአውራ ጣቷ ይዛዋለች። የባሏ፣ የዳኞቹ ሰብሳቢ፣ ጉልበትም እምቢ አላለም። ጉልበታቸው ደረጃ ሁለት ሁለት እየዘለለ የሚወጣ የጎረምሳ ጉልበት ነው። እምቢ ያላቸው ዓይናቸው ነበር። መጀመሪያ መካከሉ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ጠርዙ፤ አሁን ቀኑን ከሌሊቱ የሚለዩት በመስኮቱ በኩል ፊታቸው ላይ በሚያርፈው ሙቀት ነው። ይህን ከዓይን ሐኪማቸውና ከሚስታቸው በቀር ለማንም አልገለጡም። ማንበብ የማይችል ሰው የዳኞች ሰብሳቢ ሊሆን አይችልም፤ እሳቸው ደግሞ ትምህርት ቤት ከመምራት፣ መማሪያ መጽሐፍ ከመጻፍ፣ ከተፈሪነትና ከመከበር ሁሉ የቀራቸው ያቺው ሰብሳቢነት ነበረች። ስለዚህ ጉልበታቸውን አሳመሙት። ስብሰባው በስልክ ሆነ፣ ንባቡም በሚስታቸው አንደበት።

የደወለው የቀድሞ ተማሪያቸው፣ ዛሬ የመጽሔት አዘጋጅ የሆነው ሁለተኛው ዳኛ ነው። ሦስተኛዋ ዳኛ ልብ ወለድ የሚወዱ አንዲት ሐኪም ናቸው።

— እሺ፣ ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። የሽልማቱ መጥሪያ ካርድ ዛሬውኑ ማተሚያ ቤት ይግባ ነው የምትለኝ?… እንግዲያው ጊዜህን በሰላምታ አትጨርሰው። በል በቁጥራቸው ጥራቸው… ሁለት? ሁለትን ተወው! ሮቦቱ በየገጹ ያለቅሳል እኮ!… ምን ገደለው አልክ? ዝገት ነዋ! በገዛ እንባው ዝጎ ሞተ!… ሳቅ፣ ሳቅ፤ ደራሲው ግን አልቀለደም፣ ክፋቱ እሱ ነው… አምስት?… ስማ፣ ሰውዬው ማርስ ድረስ የሄደው ከጎረቤቱ ሊሸሽ አይደለም? እዚያም ያንኑ ጎረቤት አገኘው! አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኸው ነው። ለዚህ ሮኬት ምን አደከመው፣ ደረጃውን ወርዶ ቢመለስ አይበቃውም ነበር?… አይ፣ አይ፤ ቃሌን ለደራሲው ንገረው፣ አታለስልሰው። ማለስለስ የቆዳ ፋቂ ሥራ ነው።

በትምህርት ቤት ሳሉ ተማሪዎቹ «ቀይ እስክሪብቶ» ይሏቸው ነበር። ስሙን ሰምተዋል፤ ወደውታልም።

— ሰባት?

የሚስታቸው አውራ ጣት ከመስመሩ ላይ ተንሸራተተ።

ቁጥር ሰባት የእሷ ነበር። ለዓመታት እሳቸው ከምሳ በኋላ ሲያሸልቡ፣ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ከትምህርት ቤቱ በተረፈ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፈችው። ድርሰቶቹ የሚቀርቡት ያለ ስም በቁጥር ብቻ ነውና ማንም ሳያውቅባት ላከችው። ስትልክ ባሏ ዳኛ አልነበሩም። ኋላ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ፤ የውድድሩም ደንብ መጣላቸው። «የዳኛ ቤተሰብ በውድድሩ አይሳተፍም» የሚለውን አንቀጽ ያነበበችላቸው ራሷ ናት። ድምፅዋ ሳይሰበር አነበበችና ገጹን ገለበጠች። ያን ዕለት ድርሰቷን ማስመለስ ይገባት ነበር። አላስመለሰችም።

— እንግዲህ አንተ ትወደዋለህ፣ ነግረኸኛል… ሐኪሟም?… አለቀሱ?… ሐኪም ሆነው? እንግዲያውስ በሽተኞቻቸውን እግዜር ይጠብቅልን!… ቆይ፣ ቆይ፣ ላስረዳህ። አታቋርጠኝ። መንኮራኩሩ በጠፈር ውስጥ ይሄዳል፤ መልካም። የካፒቴኑ ዓይን ይጠፋል፤ ይሁን፣ በሰው ላይ ይደርሳል። መታወሩን ከሠራተኞቹ ይሸሽጋል፤ እሱም ይሁን። መንገድ መሪዋ ከጎኑ ተቀምጣ መለኪያዎቹን ታነብለታለች። ታነብለታለች፣ ታነብለታለች… አንድ ቀን ደግሞ ተነሥታ የፈለገችውን ቁጥር ትነግረዋለች! መንኮራኩሩም እሷ ወዳሰኛት ይነዳል! ካፒቴኑስ? ካፒቴኑ አያውቅም! ልጄ፣ ይሄ ካፒቴን ነው ወይስ የዱቄት ከረጢት?

ግራ እጃቸው የወንበሩን ክንድ ጨምድዶ ይዟል። ሚስታቸው ያንን እጅ ታውቀዋለች። ነገር ሲነካቸው ፊታቸው እንደ ግድግዳ ነው፤ እጃቸው ግን ይናገራል። ቁጥር ሰባትን ስታነብላቸውም እንዲሁ ነበር የያዙት። አንድ ጊዜ «ቁሚ» ሲሏት ያወቁባት መሰላት። የፈለጉት ውሃ ነበር።

— ከድምፅዋ አይለይም እንዴ? ሰው ሲዋሽ ድምፁ ይቀጥናል እኮ!… እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪ ሲዋሸኝ ዓይኑን አይቼ አላውቅም፤ በጆሮዬ ነው የምይዘው… አንተንም ጭምር! አያትህን ስንት ጊዜ ነበር የቀበርካት?… ሃ! ሦስተኛው ቀብር ላይ ራስዋ መጥታ የትምህርት ቤት ክፍያህን ከፈለች፣ ትዝ ይልሃል?… ስለዚህ አትቀልድብኝ። የሚሰማ ጆሮ ያለውን ሰው ማንም ሴት እንዲህ አትጫወትበትም።

— ደግሞ መጨረሻው! ሠራተኞቹ በሙሉ ተሰብስበው «ቁጥሩን አንተው ራስህ አንብብልን» ሲሉት፣ ይቺ መንገድ መሪ ምን አደረገች? ጣቱን ያዘችና የመለኪያው መስታወት ላይ አኖረችለት። ከዚያስ? ከዚያማ ዝም!… ዝም አለች! ይሄ መጨረሻ ነው? ካፒቴን ነው ወይስ ፊደል ቆጣሪ፣ ጣቱ የሚያዝለት?… እህ… እህ… «የሚያስፈራ» ትላለህ? እኔን ያሳቀኝ እሱ ነው።

አልሳቁም ነበር። ያን ገጽ ሰምተው «ሌላውን አምጪ» ብቻ ነበር ያሉት።

— አንቺ፣ ውሃ… ቀስ! እጄ ላይ ፈሰሰ እኮ!… አይ፣ ከአንተ ጋር አይደለም… የጻፈው? የጻፈው ጎረምሳ ነው፤ ትዳር የሚባል ነገር በሩቁ ያልሸተተው ጎረምሳ… ሴት? ሴት ከሆነችማ የባሰ! ቤቷ ውስጥ የሚሰማት ያጣች ሴት ናት በለኛ፤ ምድር ላይ ሰሚ ስታጣ ጠፈር ወጥታ የምትለፈልፍ። እንዲህ ያለችውን ሴት ያገባ ሰው ካለ… ሃ ሃ!… አዝንለታለሁ በልልኝ! እራቱን ቀምሶ ይብላ በልልኝ!

ብርጭቆውን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከዚህ ቤት ሳትወጣ፣ ከዚህ ወንበር አጠገብ ሳትርቅ፣ ምራቅ ሲተፋባት ቁጭ ብላ መስማት ለእሷ አዲስ አልነበረም። የሥነ ምግባር መጽሐፋቸውን ከዳር እስከ ዳር በታይፕ የመታችው እሷ ናት፤ በመቅድሙ ላይ የታይፑ መኪና ተመስግኗል። አዲሱ ነገር ሌላ ነው፤ ዛሬ የሚተፋባት ሰው ማን ላይ እንደሚተፋ አያውቅም።

— ስንት እሰጠዋለሁ? ዜሮ… ዜሮ አልኩህ! እንደ እንቁላል የከበበች ዜሮ… ደንቡንማ ከአንተ ይልቅ አውቀዋለሁ። አንድ ዳኛ ዜሮ የሰጠው ድርሰት ከውድድር ይወጣል። ለዚህ አይደል የሰጠሁት?… አትለማመጠኝ። በቃ! ሰባት ሞተ፣ አፈር አልብሰው… ይልቅ ወደ ሕያዋን እንመለስ። የእኔ ድምፅ ለአራት ነው።

ሚስታቸው ቀና አለች።

— አዎ፣ አራት! የቤት ውስጥ ሮቦቱና አሮጊቷ!… መካከሉ ተዝረክርኳል፣ እኔም አልክድም። ፀሐይ ልትጠፋ ነው፣ ጦርነት ነው፣ የማይነሣ አቧራ የለም። መጨረሻው ግን! ለመጨረሻው ስል የቀረውን ሁሉ ይቅር ብዬዋለሁ። ከስንት ዘመን ወዲህ እንደዚያ ያለ መጨረሻ አልሰማሁም… አላነበብኩም።

ያ መጨረሻ በገጹ ላይ አልነበረም። ቁጥር አራት ያለቀው ምድር ስትፈነዳ ነው፤ ከአንድ ገጽ በላይ ሙሉ ትፈነዳለች፣ ቃለ አጋኖውም እንደ ምስማር ተደርድሯል። ያን ዕለት ጉሮሮዋ ደርቆ፣ ጀርባዋ ዝሎ፣ ለዚያች ተቆጪ አሮጊትና ለዚያ ታዛዥ ሮቦት እንዲህ ያለ ሞት ቆጫት። ዓይኗ ያላየውን ሌላ መጨረሻ አፏ ፈጠረ፤ አራት ዐረፍተ ነገር ያህል። ስትጨርስ በባሏ ጉንጭ ላይ እንባ ሲወርድ አየች። እናታቸውን ሲቀብሩ እንኳ ያላየችው እንባ ነው። እንዲህ ያለውን እንባ «ዋሽቼ ነው» ብሎ ማን ይመልሰዋል?

— ምን ፍንዳታ?… የምን ፍንዳታ ነው የምታወራው? ሌላ ድርሰት ይዘህ እንዳይሆን… ቁጥር አራት ነው የምልህ! ሮቦቱ ወደ ቤት ይመለሳል እኮ!… አይመለስም? ሳታነበው ነው እንዴ የምትፈርደው? ድሮም ማጠቃለያውን ሳትደርስበት ነበር መጽሐፍ የምትዘጋው!… ሐኪሟም እንደዚያው ነው የሚሉት?… ምን? የመጨረሻውን ገጽ ገልጬ? ለአንተ ላነብልህ?… ዛሬ ደግሞ ተማሪው አስተማሪውን ያስነብብ ጀመር!… እሺ። እሺ አልኩህ! መነጽሬን ላድርግ፣ አታስቸኩለኝ።

የስልኩን አፍ በመዳፋቸው ከደኑ። ድምፃቸው ወደ ሹክሹክታ ወረደ።

— አራትን አውጪ። መጨረሻውን… ቀስ ብለሽ በጆሮዬ አቀብይኝ፣ እኔ ተከትዬሽ እላለሁ… ሰማሽኝ?

ሰምታለች። ከክምሩ ውስጥ አራትን መዘዘች፤ የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ ጉልበታቸው ላይ ዘረጋችላቸው። ከዚያ በአንድ ትውልድ ስሕተት ሥር በቀይ ያሠመረችውን ያቺን የቀኝ ጠቋሚ ጣታቸውን ያዘች፤ ከመጀመሪያው መስመር ራስ ላይ አኖረቻት። ለቀቀቻት። ወንበሯን አንሥታ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ወደ መስኮቱ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

— … እ?… በይ እንጂ!… አንቺ!

ዝም።

— አለሁ፣ አለሁ፣ አትጩህብኝ! ፊደሉ ደቀቅ ያለ ነው… ይኸው። ስማ እንግዲህ። «ሮቦቱ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በሩን የሚከፍትለት አልነበረም። የአሮጊቷን ነጠላ ጫማ አንሥቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ እንደ ሁልጊዜው ከደጃፉ ላይ አቆመው። ከዚያም፣ አመሸህ ብላ የምትቆጣው እስክትመጣ ድረስ ቁጭ አለ።»

አንዲት ቃል አልገደፉም። ትውልድ ያስተማረው ያ ወፍራም ድምፅ አሮጊቷ ላይ ሲደርስ ሳሳ፣ «ቁጭ አለ» ላይ ሲደርስ አረፈ። ሚስታቸው በዕድሜዋ ሙሉ የጻፈችው ነገር እንዲህ አምሮ ሲነበብ አልሰማችም፤ ያነበበላትም አሁን ዜሮ የሰጣት ሰው ነው። ጣታቸው ግን ከቃሉ ጋር እየሄደች፣ ከፍንዳታ ፍንዳታ እየዘለለች፣ ከጽሑፉ አልፋ ባዶው ኅዳግ ላይ ቆመች።

— ይኸው! ምን ትላለህ አሁን?… ሄሎ?… ትሰማኛለህ?… ሄሎ!… ታዲያ ምን ዝም ትላለህ?… የለም? ገጹ ላይ ምን የለም?… ይኸው እኔ እያነበብኩት!… ምን? የመጀመሪያው መስመር የመጀመሪያ ቃል?… ቃሉማ… ቃሉ… ልጄ፣ ዛሬ ጉልበቴ በጣም… ዓይኔ ምን ሆነ? ማነው ስለ ዓይን ያወራው?… ሐኪሟ ናቸው የነገሩህ?… በተሾምኩበት ስብሰባ ላይ?… እጄን ለእሳቸው ዘርግቼ ኮት መስቀያውን ጨበጥኩ?… ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?

መልሱ ረዘም ያለ ነበር። እየሰሙ አገጫቸው ወደ ደረታቸው ወረደ።

— አዘናችሁልኝ… ሁላችሁም ታውቁ ነበር፣ ሁላችሁም አዘናችሁልኝ። ደስ ይበለው ብላችሁ እኔን እንደ ሕፃን አጫወታችሁኝ… አታልቅስብኝ! ይልቅ ጨርስ… እሺ። «በሕመም ምክንያት ራሳቸውን አገለሉ» ብለህ ጻፍ፤ ሕመም ይበቃል፣ ዓይን አትበል… ድምፄም ይወድቃል፣ ይገባኛል… ዜሮውም?… ዜሮውም ወደቀ። እንግዲያው ሰባት ተመለሰ። በሁለት ድምፅ… አሸነፈ በለኛ… ገባኝ አልኩህ እኮ፣ አትድገመው።

መስኮቱ ዘንድ ሚስታቸው ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። የዓመታት ከሰዓት በኋላዎች፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ፣ የፈተናው ወረቀት ጀርባ፣ ሁሉም በአንድ የስልክ ቃል ጸደቁላት። ከፍርሃቷ በፊት ደስታዋ ቀደማት፤ ትንፋሽዋም አመለጣት።

ያችን ትንፋሽ ሰሙ። ከኅዳጉ ላይ ጣታቸውን አነሡ። ወደማያዩት ዓይናቸው አስጠግተው፣ በአውራ ጣታቸው ጫፏን ደጋግመው ዳበሷት፤ አንድ ነገር የተጣበቀባት ይመስል።

— ቆይ… አትዝጋው።

ፊታቸውን አዞሩ፤ እሷ ወዳለችበት ሳይሆን ወንበሯ ቀድሞ ወደነበረበት።

— ጣቱን ይዛ መስታወቱ ላይ አኖረችለት… ከዚያ ዝም አለች… አንቺ። ሰባትም ያንቺ ነው፣ የአሮጊቷም ጫማ ያንቺ ነው። መንኮራኩሩን ወዴት ነው ስትነጂው የኖርሽው?

ሚስታቸው ከመስኮቱ አልተነቃነቀችም። ሰብሳቢው ማድረግ የሚችሉት አንድ ቀላል ነገር ነበር፤ የማን እንደሆነ ሳይናገሩ ስልኩን መዝጋት። ዳኛ አይደሉም፣ ዜሮአቸው ወድቋል፣ የሚጠይቃቸው የለም። ከፈለጉ እንደሷ ደንቡን በጠራ ድምፅ አንብበው ገጹን መገልበጥ ይችሉ ነበር። አዘጋጁ በዚያ ማዶ ይጠብቃል። ግራ እጃቸው የወንበሩን ክንድ ጨመደደ፤ ኋላ ቀስ ብሎ ፈታው።

— ልጄ፣ የምትጽፍበት ይዘሃል?… እንግዲያው ጻፍ። የዳኛ ቤተሰብ በውድድሩ አይሳተፍም… አዎ፣ ስለ ሰባት ነው የማወራው… ሚስቴ ናት… የጻፈችው ሚስቴ ናት። ዳኛ ሆኜ ሳለሁ፣ እያወቀች፣ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጣ… ከሽልማቱ ብቻ አይደለም፣ ከዕጩዎቹም ዝርዝር ሠርዘው… ለምን? ለምን ትለኛለህ? ደንብ ነዋ! ዕድሜዬን ሙሉ ምን ሳስተምራችሁ ኖርኩ?… እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬ በሥነ ምግባሩ መጽሐፍ አራተኛ ምዕራፍ ያጻፍኳችሁን ረሳኸው?… እ?… ምን አልክ?

አዘጋጁ የጠየቃቸው ጥያቄ አጭር መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ወዲያው ነው የመለሱት፣ ድምፃቸውንም እሷ በደንብ እንድትሰማ ከፍ አድርገው።

— መልካም ነበር ወይ? ነበር እንጂ። ከቀረቡት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፤ ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ አውቄዋለሁ። አለዚያማ ዜሮ ምን ያስፈልገው ነበር?… በል ልጄ፣ ደህና ሁን። ለሐኪሟም ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

የስልኩን እጀታ ከጆሯቸው አውርደው፣ እንደ ልማዳቸው በስተግራ በኩል ዘረጉት። ከታወሩ ወዲህ ስልኩ የሚቀመጥበትን ቦታ በዳበሳ አግኝተውት አያውቁም፤ ተቀብላቸው የምታስቀምጠው እሷ ነበረች። መስመሩ ተዘግቶ እጀታው በአየር ላይ ጡጥ፣ ጡጥ ይላል። ከመስኮቱ በኩል የወንበር ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያም የወረቀት መሰብሰብ፣ ከዚያም ወደ በሩ የሚርቅ እርምጃ።

— እንኪ… አስቀምጪው እንጂ… እጄ ዛለ… የቱ ጋ ነሽ?

— አንቺ?…

— ሄሎ?… ትሰሚኛለሽ?